ጓጉንቸሩ ሲወዛወዝ

ጭንቄን ያየች እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን። እኔ የለመድኩት ሪፖርት መጻፍ ነው፤ ምስክርነቴ ቢደርቅባችሁ ይቅርታ።

ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። በተለይ «ፐ» እና «መ» ላይ ምላሴ ይታሰራል። ፊዚክስ ተምሬ ምርምር የመረጥኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮከብ ስለማያናግር ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን ስከታተል ሌሊቱ ይነጋልኛል። ክረምት ሲገባ ደመናው አያሠራም፤ ያኔ ኮምፒውተር ላይ እጣዳለሁ።

የፕሮጀክቱ ጊዜ አለቀ። የተገኘው ሥራ ማስተማር ሆነ፤ ከተማው ዳር ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ 60 ተማሪ ፊት።

«አልችልም» አልኳት ባለቤቴን።

«አንተ ጸልይ። መቻሉን ለእሷ ተወው።»

በፍልሰታ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተመላለስኩ። እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ማለት ነው። «ወይ አፌን ፍቺልኝ፣ ወይ ሌላ ሥራ ስጪኝ» አልኩ። ልቤ ያለው ሁለተኛው ላይ ነበር። ጥላ ተሳልኩ።

ሌላ ሥራ አልመጣም። የመጀመሪያው ቀን 40 ስላይድ አዘጋጅቼ ገባሁ፤ መደበቂያ መሆኑ ነው። መብራት ጠፋ። «ፔ... ፔ...» ብዬ ቀረሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ላብ አጠመቀኝ። እጄን ኪሴ ስከት ለቆጣሪ ሳጥን የገዛሁት ጓጉንቸር አገኘሁ። የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ፣ 1 ሜትር ለክቼ ጓጉንቸሩን አንጠለጠልኩት፣ ለቀቅኩት።

«ቁጠሩ» አልኳቸው።

10 ጊዜ ሲመላለስ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። እነሱ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፣ እኔም ሳላስበው በምቱ መናገር ጀመርኩ። ፔንዱለም። ስበት። 9.8። ሰዓቱ እስኪያልቅ አልተያዝኩም።

ምት ይዞ መናገር መንተባተብን እንደሚያቀል ባልደረባዬ ነግሮኛል። ልክ ነው። ግን ስንት ዓመት ፔንዱለም ሳሰላ ትዝ ያላለኝን ነገር፣ መብራት አጥፍታ፣ ጓጉንቸር አስይዛ ያሳየችኝ ማን ናት?

የካቲት 16 ጥላውን ይዤ ሄድኩ። ካህኑ ማይኩን አቀበሉኝ። ስሜ ላይ ተያዝኩ። ሕዝቡ ጠበቀኝ። በባዶ እግሬ መሬቱን መታ መታ አደረግኩና ስሜን ጨረስኩ። እልልታው ቀለጠ።