ሁለት አንቴናዎች በአንድ መዳፍ ላይ

ትናንት ማታ ብየዳውን ከጨረስሁ በኋላ ከመለኪያው ስክሪን ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። መዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ሁለት የሽቦ አንቴናዎች አቁሜአለሁ። ለ2.4 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ፣ ዋይፋይ ለሚሠራበት፣ የተቆረጡ ናቸው፤ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቁመታቸው የዚያ ሩብ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር፣ በሞገዱ ግማሽ ገደማ፣ ሳራርቃቸው ወደ አንዱ ከላክሁት ኃይል አንድ ሃያኛው ያህል ወደ ሌላው ገባ። ወደ 1.5 ሳቀርባቸው ግን ሩቡ!

ያ ኃይል ወደ አየር አይወጣም፤ ጎረቤቱ ይውጠዋል። ይባስ ብሎ አንዱ በሌላው ላይ የሚያስነሳው ጅረት ሁለቱንም ከተቃኙበት ድግግሞሽ ያንሸራትታቸዋል። ብቻውን ሲቆም ልክ የነበረው ሽቦ እንደገና መለካት፣ እንደገና መቆረጥ አለበት።

የስልክ ሠሪዎች ጭንቀት ይኸው ነው። ብዙ አንቴና የሚያስገቡት የተለያየ መረጃ በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ ነው፤ ቦታው ግን ከመዳፍ አይበልጥም። በ700 ሜጋኸርዝማ የሞገዱ ግማሽ ራሱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከስልኩ ይረዝማል።

በመካከላቸው መዳቡን በምላጭ ሰነጠቅሁት፤ ጅረቱ መንገድ እንዲያጣ። ወደ ጎረቤቱ የሚገባው ኃይል ወረደ። እጄን ሳስጠጋ ግን የስክሪኑ መስመር ተንቀጠቀጠ። ነገ ሁለቱን በቀጭን ሽቦ አገናኝቼ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈውን ጅረት በተቃራኒ ጅረት ለማጥፋት እሞክራለሁ።