ክኒኗ ያችው፣ ሰዓቷ ሌላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እናቴ ከተረፈችልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ያደረግሽልኝንም እመሰክራለሁ ብዬ ለኪዳነ ምሕረት ተስዬ ነበር። ስለት ሲያድር ይከብዳል።

እማዬ በእንቅርት ምክንያት የታይሮይድ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ዕጢው ከወጣ ሰውነት ሆርሞኑን ከሌላ ቦታ አያገኘውም፤ ሌቮታይሮክሲን የምትባለው ትንሽ ክኒን ዕድሜ ልክ ትዋጣለች። 62 ኪሎ ስለምትመዝን 100 ማይክሮ ግራም ታዘዘላት። በኪሎ 1.6 ማይክሮ ግራም ገደማ ይታሰባልና ልኩ ይኸው ነበር። ግን ብርዱም፣ ድርቀቱም፣ የፊቷ እብጠትም አልለቅ አለ። ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው ቲኤስኤች የሚባለው ምርመራ፣ ከ0.4 እስከ 4 መሆን ሲገባው 14 ወጣ። 125 አደረጉላት፤ ከዚያ 150። በ150 ውጤቱ 3.1 ሲሆን ቤታችን እልል አለ።

በምን እንደምትውጣት የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። በአቦል ነበር የምትውጣት! ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘላትን ካልሲየምም አብራ። ቡና ክኒኗ ከአንጀት ወደ ደም እንዳትገባ ይሻማታል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ተጣብቆ ይዟት ይወጣል። 150 ያስፈለጋት ሰውነቷ ስለፈለገው ሳይሆን ከፊሉ እየባከነ ስለነበር ነው።

የ2015 ዐቢይ ጾም ገባ። ቡናው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀረ፤ "ክኒኗን መቼ ላድርጋት?" አለችኝ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ መልሱ ከእኔ ይጠበቃል። "አሥር ሰዓት ላይ ስትበዪ ካልሲየሙን ከምግቡ ጋር ውሰጂ። ከዚያ ሌላ ምግብ ሳትቀምሺ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክኒኗን በአንድ ብርጭቆ ውኃ" አልኳት። በካልሲየምና በክኒኗ መካከል አራት ሰዓት፣ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዓት መቆየት አለበት፤ ይህ ሁሉ ትክክል ነበር። የንስሐ አባቷም መድኃኒቱን በውኃ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ያልነገርኳት አንድ ነገር ነው፦ ሰዓቱ ከተስተካከለ መጠኑም እንደገና መለካት አለበት። 150ው የተለካው በቡና ነበር።

ይህች ክኒን አትቸኩልም። ግማሿ ከደም ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ስለዚህ መጠኗ ሲዛባ ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ አምስት ስድስት ሳምንት እየተጠራቀመ ይመጣል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ላብ አላት፤ ጾሙ ነው አልን። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ድካም ነው። ከሳች፤ ማን ያልከሳ አለ በጾም? እንቅልፍ አጣች፤ እሷ ደግሞ ለጸሎት ተመቸኝ አለች።

የሕማማት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውላ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ጠራችኝ። "ልጄ፣ ልቤ ውስጥ ወፍ ገብታለች" አለችኝ። መብራት የለም፤ ጧፍ ለኩሼ እጇን ያዝኩ። ልብ ቢፈጥንም ስልት አለው። የእሷ ስልት አልነበረውም፦ ሁለቴ ሮጥ፣ ቆም፣ ሦስቴ ደራርቦ፣ ደግሞ ጥፍት። በስልኬ ሰዓት ልቆጥር ሞከርኩ፤ 140ን ካለፍኩ በኋላ ጠፋብኝ። ልትነሳ ስትል ተንገዳገደች፤ ይዣት ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣው ከልጅነቴ የማውቀው ነው፤ "ይህ ችግረኛ ጮኸ፥ እግዚአብሔርም ሰማው።" የመዝሙሩን ቀጣይ ግን ረሳሁት። ያቺኑ እየደጋገምኩ የጎረቤታችንን በር ደበደብኩ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጋቢ፣ በባዶ እግሩ ነው ላዳውን ያስነሳው። እማዬ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ነጠላዋን አልረሳችም። እኔ ከኋላ ወንበር ጭንቅላቷን ደግፌ እቆጥራለሁ፤ እሷ "ኪርያላይሶን" ትላለች፤ መሐሉ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እንደገና ትጀምራለች። ዝም ስትል እጇን እጨምቃለሁ። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ልደብቀው አልችልም፤ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አምላኬን ተናገርኩት። "ውኃ ሳትቀምስ ስትሰግድልህ ዋለች፤ ይሄ ነው ደመወዟ? የት ነህ?" አልኩት። ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያ በኋላ መጸለይ አቆምኩ፤ አኮረፍኩት።

ተረኛዋ ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ቀልቷል። የልብ ምት መዝጋቢውን ወረቀት አየችና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው አለችኝ፦ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታት ትተው ይርገበገባሉ፤ ሲቆይ ደም እዚያው ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከዚያ እማዬን ጠየቀቻት። "እማማ፣ ክኒኗን ስንት ነው የሚወስዱት? መቼ? ከምን ጋር?"

"ድሮ በቡና ነበር፤ አሁን በውኃ" አለች እማዬ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ድሮ የሚባክነው አሁን ሁሉም እየገባ ነው።"

የት ነህ ብዬ በር ላይ ለጮህኩት መልሱ ይህ ነበር፤ ያን ሌሊት ተረኛ የነበረችው ይህን መጠየቅ የምታውቅ ሰው ናት።

የልቡን ሩጫ የሚያበርድ ፕሮፕራኖሎል ሰጧት፤ ደም ወሰዱ፤ ክኒኗን ለሳምንት አስቆሙ። አስደነገጠኝ፤ ግን ክኒኗ ቀስ ብላ ስለምትወጣ የሳምንት ክፍተት አይጎዳትም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልቧ ስልቱን ያዘ። ከአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ጸሎቱ ተጀምሯል። እማዬ ተኝታለች። የረሳሁት የመዝሙሩ ቀሪ ያኔ መጣልኝ፤ "ከመከራውም ሁሉ አዳነው።"

የደሙ የቲኤስኤች ውጤት 0.02 ነበር፤ ሆርሞን ሲበዛ እንዲህ ይወርዳል። ከሳምንት በኋላ በ100 ጀመረች፤ በስድስት ሳምንት 0.2፣ በሌላ ስድስት ሳምንት 1.8። የጠበቅንባቸው ወራት እንዲሁ አለፉ።

የምትጾሙና ይህን ክኒን የምትወስዱ፣ እባካችሁ ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜም ተመርመሩ። ቡና ስታቆሙ፣ የብረት ክኒን ወይም ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ስትጀምሩና ስትተዉ፣ የክኒኗ አምራች ሲቀየርም እንዲሁ። የጾም አኩሪ አተርም ይሻማታል። ራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ፤ በተለይ ለአረጋዊና ለልብ ሕመምተኛ ሐኪም እንኳ የሚያስተካክለው በ12.5 ወይም በ25 ነው። ማሸጊያው ላይ 0.1 ሚሊ ግራም ካለ 100 ማይክሮ ግራም ነው፤ 0.05 ካለ 50፤ ይህን አምታተው የሚመጡ ሞልተዋል። ለፀጉር ብለው ከአሜሪካ የሚልኩላችሁ ባዮቲን ደግሞ የምርመራውን ውጤት ያሳስታል፤ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት። ለምርመራ ደም በምትሰጡበት ቀን ክኒኗን የምትወስዱት ደሙን ከሰጣችሁ በኋላ ይሁን።

እማዬ አሁን ወደ ንጋት መልሳታለች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በውኃ፤ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ። በምትቆርብበት ቀን ሐኪሟ እንደፈቀደችላት ወደ ማታ ታዛውራታለች፤ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ቆጥራ። ጋሼ የዚያን ሌሊት ሒሳብ እስከ ዛሬ አልቀበልም እንዳለ ነው፤ በየፋሲካው ድፎ ዳቦ ትልክለታለች።

ጃንጥላውን የካቲት 16 አስገባን። የቀረው ምስክርነቱ ነበር።