ጥቁር ሁሉ ዘይት አይደለም፦ ቀይ ባሕርን በራዳር ማንበብ

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። የደቡብ ቀይ ባሕርን ከሳተላይት የተነሳ የራዳር ምስል ከፍቼ፣ ያ ጥቁር ነገር የፈሰሰ ዘይት ይሁን አይሁን ከሞላ ጎደል መለየት ችያለሁ።

ነገሩ ውስጥ የከተተኝ ሩቢማር የተባለው የጭነት መርከብ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሁቲዎች መትተውት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የዘይት ሰንበር ባሕሩ ላይ ትቶ ነበር፤ በኋላ ከነማዳበሪያው ሰጠመ። ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ምስል ኮፐርኒከስ ብራውዘር ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ደመና አያግደውም፣ ሌሊትም ያያል። ምስሉን ስለማዘጋጅበት ስናፕ ሶፍትዌር ብዙ አልልም፤ ላፕቶፓችሁ 8 ጊጋ ራም ብቻ ካለው ቡና አፍሉና ጠብቁ።

ያስመረረኝ ጥቁሩ ነው። ራዳሩ የሚያየው የውሃውን ሻካራነት ነው። ነፋስ ጥቃቅን ሞገድ ያስነሳል፣ ሞገዱ ጨረሩን ይመልሳል። ዘይት ሞገዱን ሲያስተኛው ቦታው ይጠቁራል። ግን ባሕሩን የሚያለሰልስ ሁሉ እንደዚያው ያጠቁራል! ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች ከሆነ ዘይት ኖረም አልኖረም ምስሉ ጥቁር በጥቁር ነው። ከ12 ሜትር ካለፈ ደግሞ ማዕበሉ ዘይቱን ከውሃው ጋር ስለሚያደባልቀው ቢኖርም አይታይም።

ቀይ ባሕር ደግሞ የራሱ አመል አለው። በእኛ በጋ ከባብኤል መንደብ የሚነሳው የደቡብ ነፋስና ከሰሜን የሚወርደው ፖርት ሱዳን አካባቢ ይገናኛሉ። መገናኛው ላይ ነፋሱ ይደክማል፣ ባሕሩም ይጠቁራል። ከሐኒሽ ደሴቶች ጀርባ፣ ነፋስ የማይደርስበት ጥግም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ምስሉን ከማየቴ በፊት ነፋሱን አያለሁ። ሰዓቱን ልብ በሉ፦ ፋይሉ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ነው፤ 03 ሰዓት ተኩል ከተጻፈ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ገና ነፋስ ሳይገባው ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲለይ ማሠልጠን) ላይ የሚዘል ሰው ይገርመኛል። በእርግጥ እኔ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሰነፍ ስለሆንኩ ፍርዴ ላያስተማምን ይችላል። የምሠራው በዓይኔ ነው። ለዘይት ቪ-ቪ የሚለውን ቻናል (ጨረሩ በቁም ተልኮ በቁም ሲመለስ የሚቀዳውን) እመርጣለሁ። ቪ-ኤች (በቁም ተልኮ በአግድም የሚመለሰው) መርከብ ለመለየት ጥሩ ነው፣ ለዘይት ግን ምልክቱ ደካማ ነው። ቀጭን፣ ረጅም መስመር ሆኖ ጫፉ ላይ ደማቅ ነጥብ ካለ፣ እየሄደ የሚያፈስ መርከብ ሊሆን ስለሚችል ጠርጥሩ።

አሁንም ያልተፈታልኝ ትሪኮደስሚየም ነው። ይህ ደቂቅ ተህዋስ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ልክ እንደ ዘይት ባሕሩን ያለሰልሳል። እንደ ካሜራ ቀለም የሚያነሳው ሳተላይት ሴንቲኔል-2 ቀለሙን ያሳየኝ ነበር፣ ግን የሚያልፍበት ቀን ከራዳሩ ጋር አይገጥምልኝም። ሌላው ቀለም የሚያነሳ ሳተላይት ሴንቲኔል-3 ቶሎ ቶሎ ቢመላለስም ፒክሰሉ (የምስሉ አንድ ነጥብ) 300 ሜትር ነው፤ ቀጭን ሰንበር ይውጠዋል። የራዳሩንና የቀለሙን ምስል አጣምራችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደምትቀበሉ ንገሩኝ።