ልጆች የሚሰማቸውን በስሙ ሲጠሩ

አራት ኪሎ አቅራቢያ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት የ4 ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ። ከፊደልና ከቁጥር ባልተናነሰ ጊዜዬን የሚወስደው፣ ልጆቹ የሚሰማቸውን ነገር ለይተው በስሙ እንዲጠሩ ማገዝ ነው። ይህን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥሩ ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን ከሀ ሁ እኩል ቦታ የሚገባው ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጆች በሰው ፊት ላይ የሚታየውን ስሜት ሁሉ በአንዴ አይለዩም። መጀመሪያ ደስታን ደስታ ካልሆነው ይለያሉ፤ ቀጥሎ ንዴትና ሐዘን ይለያዩላቸዋል፤ ፍርሃት፣ ድንጋጤና መጸየፍ ግን ቆየት ብለው የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ሥዕል የፈራውን ልጅ «ተናዷል» ቢሉኝ አይገርመኝም። ሥዕሉ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ነገሩ በደንብ የሚገባቸው ግን ስሜቱ በራሳቸው ላይ ሲደርስ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ እኛ አዋቂዎች «አትቅበጥ»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ዝም በይ፣ ሰው ያይሻል» ማለት ይቀናናል። ልጁ ዝም ይላል፤ ያስለቀሰው ነገር ምን እንደሚባል ግን ሳያውቅ ይቀራል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ አብረው ያደጉ የጎረቤት ልጆች ተለያዩ። ከእነዚህ አንዷ ክፍሌ ውስጥ ነበረች። ምሳ ዕቃዋን ትከፍትና ፍርፍሩን ሳትነካ መልሳ ትዘጋዋለች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ «ሚስ፣ ሆዴን አመመኝ» ትለኛለች። ሐኪም አይቷት ምንም አልተገኘባትም። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ፈርተሽ ነው ወይስ ተከፍተሽ?» አልኳት። አሰብ አደረገችና «አይደለም» አለች። «ሰው ናፍቆሽ ይሆን?» ስላት የጓደኛዋን ስም ጠራችልኝ። ያን ቀንም ምሳዋን አልበላችም፤ ናፍቆቱም አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ግን መጥታ «ዛሬም ናፈቀችኝ» ትለኛለች፤ እናቷም ይህን ስትሰማ ሁለቱን በስልክ ማገናኘት ጀመረች።

ከሁሉ የምወደው ያንን «አይደለም» የሚለውን መልሷን ነው። የልጅን ስሜት ከውጭ ሆነን ስንጠራ የምንገምተው እኛ ነን፤ የሚያውቀው ልጁ ነው። «ተናደሃል» ብሎ ከመፍረድ «ተናደህ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ፣ ልጁ ወደ ውስጡ አይቶ እንዲመልስ ዕድል ይሰጠዋል። ይህ ማለት የፈለገውን ያድርግ ማለት አይደለም፤ መናደድ ይቻላል፣ ጓደኛን መምታት ግን አይቻልም፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ እነግራቸዋለሁ።

«ልጄን ልፍስፍስ ታደርጊብኛለሽ» ያሉኝ አባት ነበሩ። ስጋታቸውን አልናቅሁትም፤ ጥናቶች የሚሉትን ግን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአዋቂዎች ላይ የተደረገ የአንጎል ምርመራ፣ ሰዎች የሚያዩትን የተቆጣ ፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙ፣ ፍርሃትን በሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ያለው እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በ3 ዓመታቸው ቤተሰቦቻቸው ስለ ስሜት አብዝተው ያወሯቸው የነበሩ ልጆች፣ 6 ዓመት ሲሞላቸው የሌላውን ሰው ስሜት በመረዳት የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ ይገልጻል። ስለዚህ ማታ ታክሲ ሲጠብቁ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ከሚለው ጋር «ዛሬ ምን አስደሰተህ? ምን አስከፋህ?» ብለው እንዲጠይቁት፣ የራሳቸውንም እንዲነግሩት ለመንኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ አስቆሙኝ። ከሥራ ዝም ብለው ገብተው ኖሮ፣ ልጁ «አባዬ፣ ተናደህ ነው ወይስ ደክሞህ?» ብሎ ጠየቃቸው። ደክሟቸው እንደነበር መለሱለት። ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ይህንኑ ራሳቸው እንዲናገሩልኝ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል።