ሞመንቱ ገጠመ ብዬ ስጨፍር ፓወሩ ጉድ ሰራኝ

ሰው ሲራመድ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ሞመንት (መገጣጠሚያውን ለማዞር የሚሞክረው ኃይል) እና ፓወር (በሴኮንድ የሚሰጠው ወይም የሚውጠው ኢነርጂ) በራሴ ኮድ አስልቼ የላብራቶሪው ሶፍትዌር ከሚያወጣው ጋር ላስተያይ ብዬ ተነሳሁ፣ የሁለት ቀን ስራ መስሎኝ ነበር ሶስት ሳምንት በላብኝ። ዳታው ያው የተለመደው ነው፣ ሰውየው ላይ የተለጠፉትን ማርከሮች (ካሜራ የሚከተላቸው ትንንሽ ምልክቶች) ካሜራዎቹ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይቀዳሉ፣ ወለሉ ውስጥ ያለው ፎርስ ፕሌት (እግር ሲያርፍበት ያለውን ኃይል የሚለካ ሰሌዳ) በሴኮንድ 1000 ጊዜ ያነባል፣ ከዛ ከእግር ተነስታችሁ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ እያላችሁ ወደ ላይ ታሰላላችሁ።

የቁርጭምጭሚቱ ሞመንት ወዲያው ገጠመልኝ። እግሩ መሬት ሊለቅ ሲል ወደ 1.5 ኒውተን ሜትር በኪሎ ይደርሳል፣ የኔም እዛው ነው፣ በቃ ጨረስኩ አልኩ። ፓወሩን ሳወጣ 3 ዋት በኪሎ አካባቢ መሆን የነበረበት 180 ሆኖ ቁጭ አለ። 70 ኪሎ ሰው ላይ 12,600 ዋት ማለት እኮ ነው፣ አንድ ቁርጭምጭሚት ላይ የ17 ፈረስ ጉልበት! ለካ ፓወር ሞመንት ሲባዛ በአንግል ፍጥነት (መገጣጠሚያው በሚዞርበት ፍጥነት) ስለሆነ ፍጥነቱን በራዲያን ማስገባት ሲገባኝ በዲግሪ ነው ያስገባሁት፣ አንድ ራዲያን 57 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 57 እጥፍ ገደማ ያበዛዋል። ጥሩነቱ ስህተቱ ትልቅ ስለሆነ በአይን ይታያል፣ ያደከሙኝ ትንንሾቹ ናቸው።

ጉልበት ላይ የሞመንቱ ከርቭ ከሶፍትዌሩ ተገልብጦ መጣ። ሶፍትዌሩ የሚሰጠው መሬቱ መገጣጠሚያው ላይ የሚያሳርፈውን ሞመንት ነው፣ እኔ ያሰላሁት ጡንቻው የሚመልሰውን፣ ሁለቱም ልክ ነው ምልክታቸው ብቻ ይለያያል። ፓወር ላይ ግን ምልክቱ ራሱ ትርጉም አለው፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ጡንቻው እየገፋ ነው ኔጋቲቭ ከሆነ እየያዘ ፍሬን እያደረገ ነው። የሶፍትዌሩን ሞመንት ሳልገለብጥ በፍጥነት አባዝቼ፣ ተረከዝ መሬት ሲነካ ትንሽ እየታጠፈ ክብደት የሚቀበለውን ጉልበት ገፊ አደረግኩት፣ ይባስ ብሎ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ግማሽ ገጽ ጽፌበታለሁ። አጠፋሁት።

ከዛ ፊልተር፣ ማለትም ዳታው ላይ ያለውን ፈጣን መንቀጥቀጥ ቆርጦ የሚያለሰልሰው ስሌት። ማርከሩን በ6 ኸርዝ አለስልሼ ፎርሱን እንዳለ ስተወው ልክ ተረከዙ ሲያርፍ የጉልበት ሞመንት ላይ ሹል ነገር ብቅ አለ፣ ሁለቱንም በአንድ አይነት ፊልተር ሳለሰልሳቸው አብዛኛው ጠፋ። ግን ደግሞ ማርከሩን ከልክ በላይ ስታለሰልሱት የቁርጭምጭሚት ፓወር ጫፉ ይወርዳል፣ መግፊያው ቅጽበት ላይ ፍጥነቱ ቶሎ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ሞመንቱ ግን ብዙም አይነካም። እኔ ሰውየው ደካማ ነው ብዬ ነበር።

አንዴ ደግሞ ፕሌቱ ለካሜራዎቹ ከተነገራቸው ቦታ 1 ሴንቲሜትር ሸሽቶ ነበር። 1 ሴንቲ ምን ያመጣል አትበሉ፣ 700 ኒውተን ላይ 7 ኒውተን ሜትር ነው፣ ለ70 ኪሎ ሰው 0.1 በኪሎ። ቁርጭምጭሚት ላይ አይታወቅም፣ ጫፉ 0.5 አካባቢ በሆነ ጉልበት ላይ ግን አንድ አምስተኛ ነው። አሁን ቀረጻ ከመጀመሬ በፊት ማርከር የተለጠፈበት ዘንግ ይዤ ፕሌቱን እጫነዋለሁ፣ የዘንጉ ጫፍና የፎርሱ መነሻ ነጥብ ስክሪኑ ላይ ካልተገናኙ ማንንም አላስራምድም።

በጣም የገረመኝ ግን ያው ሰው ቀስ ብሎና ፈጠን ብሎ ሲሄድ የቀረጽኩት ነው። የቁርጭምጭሚት ሞመንቱ ሊደራረብ ትንሽ ነው የቀረው፣ ፓወሩ ግን የሁለት ሰው ይመስላል። ሞመንቱን ብቻ ለሚያይ ልዩነት የለም፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ወይ ሁለት ቀን ሳወዳድር መጀመሪያ የማየው የእርምጃውን ፍጥነት ሆኗል።

ዳሌ ላይ እስካሁን ከሶፍትዌሩ ጋር አልተስማማንም። የመገጣጠሚያው መሀል ስጋ ውስጥ ስለሆነ ማርከር አይለጠፍበትም፣ በግምት ቀመር ነው የሚገኘው፣ የኔና የሱ ቀመር ደግሞ ይለያያል፣ እና የሱን ቀመር ኮዴ ውስጥ እያስገባሁ ነው።