የጫማ ብሩሽ

ዛሬ ሆኖሉሉ አጠገብ ወዳለው የማኖአ ፏፏቴ ልወጣ የእግር መንገዱ መግቢያ ላይ ስደርስ፣ ሸምገል ያሉ ሴት አስቆሙኝ።

"ጫማህን ጠረግህ?"

ግራ ገባኝ። የምሄደው ጭቃ ልረግጥ ነው፣ ምኑ ይጠረጋል? እሳቸው ወደ ብሩሹ ጠቁመውኝ የራሳቸውን ጫማ ይፈገፍጉ ጀመር። ሶሉን፣ ጎኑን፣ በጥርሶቹ መሃል የተሸጎጠችውን ደረቅ አፈር ሳይቀር። በመጨረሻ አልኮል ረጩበት። ቀስ ብለው፣ የሕፃን ፊት እንደሚያጥብ ሰው።

ለካ ኦሂአ የሚባለው ዛፍ እየሞተ ነው። ከሃዋይ አገር በቀል ደን 80 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ተለይቶ የታወቀ አንድ ፈንገስ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋበታል። ጤነኛ የሚመስል ዛፍ በሳምንታት ውስጥ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ፈንገሱ ደግሞ ከጫማ ጭቃ ጋር ከጫካ ጫካ ይጓዛል። ዝናቡን ይዞ ለምንጩና ለወንዙ የሚያቀብለው ይኸው ደን ነው።

ፏፏቴው 45 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በጣም ያምራል። እኔ ግን ፎቶ ካነሳሁ በኋላም ዓይኔ የሰው ጫማ ላይ ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ ጫማችንን እናወልቃለን። እኚያ እናት ፊት ላይ ያየሁት ያንኑ አክብሮት ነው።

ስመለስ ብሩሹ ጋ እንደገና ቆምኩ። አንድ ወጣት ዝም ብሎ ሊያልፍ ሲል ጠራሁት።

"ጫማህን ጠረግህ?"