ጥዱ ውስጥ የተደበቁት አረንጓዴዎች

ተሳካልኝ! ትናንት ጠዋት ላቭበርዱን (ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ነው)፣ ያውም ግንባሩ ቀይ የሆነውን ወንዱን፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አራት ወር ሙሉ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን ብቻ ስሰማ፣ ቀይ ግንባሩን ሳላይ ከርሜያለሁ።

አጀማመሬ አያኮራም። አዲስ አበባ፣ ግቢያችን ካለው ቁንዶ በርበሬ ሥር ቁጭ ብዬ ፍሬ ለቃሚዎቹን መመዝገብ ነበር ሥራዬ። ደብተሬ ላይ ሁለት ዓይነት ወፍ ብቻ ነበር፦ «ርግብ» እና «ርግብ ያልሆነ»። ቀስ እያልኩ ቡልቡልን ለየሁ። ማውስበርድን መለየት ደግሞ ሙያ አይጠይቅም፤ ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ ይሽሎከለካል።

ያቃተኝ የጎረቤት ጥድ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ባለ ጥቁር ክንፉ ላቭበርድ የጥድ ፍሬ ይወዳል። እየጮኸ ይመጣል፤ ካረፈ በኋላ ግን ጭጭ። አረንጓዴ ወፍ አረንጓዴ ዛፍ ውስጥ! ተናድጄ 12 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ገዛሁ። ገንዘቤን በላው። ወፉን ሲያቀርብ የእጄን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል፣ የሚያሳየው ቦታም ጠባብ ነው። አሁን በውሰት 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ነው የምይዘው። «ትልቁ ይሻላል» የሚል ሻጭ አትስሙ። የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ መጥራትንም አልወደውም፤ እየበላ ያለን ምን አስነሳው?

መፍትሔው ግን ከባይኖኩላሩ አልመጣም። ጥዱ የጎረቤት ማድ ቤት ቆርቆሮ ላይ አጥልቷል። አንድ ጠዋት ዓይኔ ሲደክመው ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ፍርፋሪያቸው ነው! ጠብታው ካለበት ቀጥ ብዬ ወደ ላይ ቀና ስል ቀይ መንቁር ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለም መፈለግ ትቻለሁ፤ መጀመሪያ በጆሮ ነው።

አደራ፣ ባይኖኩላር ከማንሳታችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ። እኔ አልነገርኩም። ጎረቤታችን እትዬ «ልጅሽ መስኮቴን ምን ያያል?» ብለው ለእናቴ ከሰሱኝ፤ ያስታረቀችን እሷ ናት። እስካሁን በራቸው ላይ ስንገናኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

ሌላም ጉድ አለብኝ። ደብተሬ ላይ ስለ ላቭበርዶቹ «4 ሴት» ብዬ በኩራት ጽፌ ነበር። ለካ ግንባሩ ቀይ ያልሆነ ሁሉ ሴት አይደለም፤ ገና ያልጎረመሰ ወንድም እንደ እናቱ ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሰርዤ «4፣ ጾታቸው ያልታወቀ» ብያለሁ።